ሰባት ቤት የተቆጠረለት ፊኛ

ኃይለሚካኤል በሕይወቱ ሰው አስቀይሞ አያውቅም። ሙገሳ እንዳይመስል፤ ከዚህ ቀጥሎ ለሚመጣው ጣጣ ሁሉ ዋናው ጥፋተኛ ይኸው ጠባዩ ነው። ማስቀየም ቢያውቅበት ኖሮ የአንድ ሰው የሽንት ፊኛ በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ የደብዳቤ ቁጥር ወጥቶለት አዲስ አበባ ለአዲስ አበባ አይንከራተትም ነበር።

ጉርድ ሾላ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት መኪና ቀብቷል። የተጋጨ በር፣ የተላጠ ኮፈን፣ ስቱኮ የበዛበት ጎን ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። ዓይኑን ጨፍኖ ቀለም ያመሳስላል ይሉታል። ውሸት ነው፤ ግን ደንበኛ የሚያመጣ ውሸት ስለሆነ ማንም አላረመውም። የቀለም መርጫውን አንዴ ከያዘ አይቆምም። የመጨረሻው ቀለም መሃል ላይ ከተቋረጠ መስመር ያወጣል፤ ስለዚህ ስልክ ቢጠራ አያነሣም፣ ሰው ቢመጣ አያናግርም፣ ሽንቱ ቢመጣ ይይዛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይዟል። ሲጨርስ መጀመሪያ ሲጋራውን ይለኩሳል፣ ከዚያ ሽንት ቤት ይሄዳል። ለአፍና ለአፍንጫው የተገዛለት ጭምብል ግድግዳው ላይ ሚስማር ተመትቶለት ተሰቅሏል፤ ከተሰቀለበት ሳይወርድም አምስት ዓይነት ቀለም ተቀብቷል።

መስከረም ላይ ሽንቱ ቀላ። እንደ ባለሙያ አየት አደረገውና ቀይ ሥር ነው ብሎ ፈረደ። ቀይ ሥር ከበላ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ሚስቱ ስመኝ ይህን ስትሰማ አልተከራከረችም፤ የሥራ ቱታውን አስወልቃ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ይዛው ሄደች።

ዶክተር ሙሉአለም ገና ወጣት ናት፤ ስትናገር ግን አታድበሰብስም። በሽንቱ መውረጃ ቀጭን መሣሪያ አስገብታ ያገኘችውን ዕጢ ፍቃ አወጣችው፣ ውጤቱ ሲመጣም አስቀምጣ ነገረችው። ካንሰር ነው። ወደ ጡንቻው አልገባም፤ ነገር ግን ክፉው ዓይነት ስለሆነ ዝም ከተባለ ተመልሶ ይበቅላል፣ ሲመለስም ጠልቆ ይገባል። ያኔ ፊኛው ወጥቶ ሽንቱ ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል።

"መድኃኒት አለው" አለችው። "ለሕፃናት የምንሰጠውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ያውቁታል?"

"ክንድ ላይ የሚወጉትን?"

"እሱን። መጠኑ በጣም ይበልጣል እንጂ ተህዋሲው ያው ነው። እኛ ግን በቱቦ ፊኛዎ ውስጥ ነው የምንጨምረው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለስድስት ሳምንት።"

ኃይለሚካኤል የምትቀልድ መስሎት ለትሕትና ያህል ፈገግ አለ። እሷ ግን ቀጠለች። መድኃኒቱ እንደልብ አይገኝም፤ ለእሱ የሚበቃ ስድስት ብልቃጥ ብቻ መጥቷል። የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ካልጀመረ ለተከታዩ ተረኛ ይሰጣል፤ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ደግሞ እሷም አታውቅም።

ከዚያ ወደ ዘረመል ጉዳይ ገባች። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ለምታካሂደው ጥናት ተመርምሮ፣ ብግነትን የሚቀሰቅሱ ዘረመሎች ከልክ በላይ ሲሠሩ ተገኝተዋል። ብግነት ማለት ቁስል ሲቆጣ የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚያቃጥለው ነገር ነው። ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ቢሆንም ለዓመታት ሳይበርድ ከቀረ ዕጢ ይመቸዋል፤ ደም ሥር ይስብበታል፣ ይደላደልበታል።

"ታዲያ መድኃኒቱ ያንን ያበርደዋል" አለ ኃይለሚካኤል፣ የገባው መስሎት።

"አይደለም። መድኃኒቱ ሌላ ብግነት ያስነሣል።"

"ያሳመመኝ መቆጣቱ ነው፣ የሚያድነኝም መቆጣቱ ነው?"

"ዓይነታቸው ለየቅል ነው። አንዱ ዕጢውን ይቀልበዋል፣ ሌላው መኖሩን ለሰውነትዎ ያሳብቅበትና ያስመታዋል።"

ኃይለሚካኤል ይህች ልጅ ወይ በጣም ተምራለች ወይ ዛሬ ምሳ አልበላችም ብሎ አሰበ። ይህን ሲያስብ ግን ሌላ ጭንቀት ነበረበት፤ ሽንቱ መጥቷል። ሐኪም እያወራች መነሣት ነውር መስሎት ያዘ። ያዘ፣ ያዘ፣ እሷም "ዋናው ነገር ደግሞ ምን መሰልዎት..." ብላ ጣቷን ስታነሣ ከአቅሙ በላይ ሆነበትና ይቅርታ እንኳን ሳይጠይቅ ሮጠ። ሲመለስ ሌላ ታካሚ ገብቶ በሩ ተዘግቷል። ማንኳኳት አፈረ። ዋናውን ነገር እዚያው ትቶ፣ "ዘረመል" የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ።

ቤቱ ይዞ ቢቀር ደግ ነበር። ለጋሼ ተስፋማርያም ደውሎ ነገራቸው።

ጋሼ ተስፋማርያም በአሥራ አራት ዓመት የሚበልጡት ወንድሙ ናቸው። አባታቸው አንድ ናቸው፣ ከሶዶ የመጡ፤ እናታቸው ግን ይለያያሉ። የጋሼ እናት ቀድመው ሞቱ፣ አባትየው ሁለተኛ ሲያገቡ ከምንጃር አመጡ፣ ኃይለሚካኤል የተወለደው ከእኚህ ነው። አባት ሲሞቱ እሱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደጉት፣ ደብተር የገዙለት፣ ጋራዥ ወስደው መርጫ አያያዝ ያስተማሩት፣ ሥራውን ሲተዉም ቦታቸውን የለቀቁለት ጋሼ ናቸው። እሳቸውን "እምቢ" ብሎ አያውቅም። ቃሉ ለእሳቸው የተሠራ አይመስለውም ነበር። አሁን ጡረተኛ ናቸው፤ የቤተሰቡ ማኅበር ሊቀመንበር ስለሆኑ የማኅበሩን ማህተም ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይዘው ይዞራሉ።

ማኅበሩ የተቋቋመው ለለቅሶና ለድግስ ነበር። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ አርፍዶ ለመጣ ቅጣት አለው። የቀረው ነገር አጀንዳ ብቻ ነበርና ኃይለሚካኤል አመጣለት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ገርጂ፣ ጋሼ ቤት፣ ጸሐፊው ገብረወልድ መዝገቡን ከፍቶ አነበበ፦

"አጀንዳ አንድ፣ የወንድማችን የአቶ ኃይለሚካኤል የሽንት ፊኛ። አጀንዳ ሁለት፣ ልዩ ልዩ።"

ጋሼ ቆመው ተናገሩ። ልጃቸው ሄኒ ልትታጭ ነው፣ የሚያገባት ልጅ ሽማግሌዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣሉ። "ድሮ ሽማግሌ የሚጠይቀው ሰባት ቤት ነው፣ ዝምድና እንዳይኖር። የዛሬው በሽታም ይጠይቃል። ዘረመል ከተባለ ከአንዱ ወገን የመጣ ነው። ከአባታችን ከሆነ ሁላችንንም ይመለከታል፤ ከእናቱ ከሆነ ግን እሱን ብቻ። ይህ ተለይቶ ይታወቅ" አሉ።

የኃይለሚካኤል እናት ታናሽ እህት እትዬ ማሚቱ ከሶፋው ጥግ ድምፃቸውን አሰሙ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጆሯቸው ግን ስማቸው ሲነሣ ይከፈታል።

"የእኛ ቤት ወንዶች እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ሲሸኑ አጥር ያሳልፉ ነበር።"

"ይመዝገብ?" አለ ገብረወልድ።

"ይመዝገብ" አሉ ጋሼ።

ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥራው በሁለቱም ወገን ሰባት ሰባት ቤት ወደ ላይ ቆጥሮ ሽንቱን ያመመው ሰው ማግኘት ነው። ሪፖርቱ የሚቀርበው በሚቀጥለው እሑድ ሲሆን እስከዚያ ሕክምናው እንዲቆይ ሐሳብ ቀረበ። ኃይለሚካኤል ሐሙስ ቀጠሮ እንዳለው፣ መድኃኒቱም ካለፈው እንደማይገኝ ቀስ ብሎ አስረዳ።

"መድኃኒት ከገባበት በኋላ ምን ይለያል?" አሉት ጋሼ። "አንድ መኪና አዲስ ቀለም ከለበሰ በኋላ የድሮው ቀለም ምን እንደነበረ ማን ያውቃል? አንተው ፍረድ።"

የሚያሳዝነው ነገር፣ ኃይለሚካኤል እንደ ቀለም ቀቢ ሲያስበው ነገሩ እውነት መሰለው። ስመኝ ብቻ ተነሥታ "ፊኛው የማን ነው?" ብላ ጠየቀች። በደንቡ መሠረት በጋብቻ የመጣ ሰው ድምፅ እንደሌለው ተነግሯት ተቀመጠች።

ኮሚቴው ግን አልተኛም። ሰኞ ዕለት ሶዶና ምንጃር ሲደወል ዋለ። በአባት ወገን አራተኛው ቤት ላይ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ ደጅ ይወጡ የነበሩ ሰው ተገኙ። ሌባ እየጠበቁ ነው የሚሉ ምስክሮች ስለበዙ ነጥቡ ሳይያዝ ታለፈ። በእናት ወገን ደግሞ አምስተኛው ቤት ላይ ከበቅሎ ወድቀው ሦስት ቀን ደም የሸኑ ሰው ተገኙ። ማክሰኞ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

"ይኸው" አሉ ጋሼ፣ ፊታቸው እየበራ። "የእናቱ ወገን ነው።"

"ከበቅሎ መውደቅ ዘር ነው እንዴ?" አሉ እትዬ ማሚቱ።

"በቅሎዋ ከሰው ሁሉ መርጣ እሳቸውን ብቻ ለምን ጣለች?"

"በቅሎዋ የሶዶ ነበረቻ።"

ይህ ክርክር አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። አዋቂ ሰዎች፣ ልጅ የዳሩ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች የሞተች በቅሎ ትውልድ ሲመረምሩ ኃይለሚካኤል ጥግ ላይ ተቀምጦ ሐሙስን ይቆጥር ነበር። ሁለት ቀን ቀርቶታል። ፈርቷል። ሞትን ይፈራል፣ ከረጢቱንም ይፈራል፣ ከሁለቱም በላይ ግን የጋሼን ፊት ሲከፋ ማየት ይፈራል። ይህን ማንም አይቶ ቢሆን ኖሮ ያለቅስለት ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም በቅሎዋን እያዩ ነበር።

በመጨረሻ ኮሚቴው በድምፅ ብልጫ ሐኪሟ እንድትጠየቅ ወሰነ። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ጋሼ ማህተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ሁለት ጊዜ መቱበት። "ጉዳዩ፦ የዘረመሉ ወገን ተለይቶ እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ" ይላል። የሚያደርሰው ባለጉዳዩ ራሱ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ኃይለሚካኤል ደብዳቤውን በሁለት እጁ አቀረበላት። ዶክተር ሙሉአለም አንድ ጊዜ አነበበችው። ወደ ማህተሙ አየች። ደግማ አነበበችው።

"ያኔ ሮጠው ሲወጡ ልነግርዎት የነበረውን ነው የሚጠይቁኝ" አለችው። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች፦

"ከአባትም ከእናትም አይደለም። ዘረመሎቹ እንዲህ ሲሠሩ የተገኙት በዕጢው ውስጥ ነው፤ በዘር የተላለፈ መሆኑን አያሳይም። ለዓመታት የጠጣው ሲጋራና የተነፈሰው የቀለም ጭስ ፊኛውን ሲያስቆጣ ኖሯል። አብረውት የቀቡና ያጨሱ ካሉ፣ ዘመዱ ባይሆኑም ይመርመሩ። ነገ ሦስት ሰዓት ሳይቀር ይምጣ።"

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቤት ገብረወልድ ይህን ጮክ ብሎ አነበበ። እትዬ ማሚቱ እጃቸውን ዘርግተው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ "ቁጥር የለውም" አሉ። "ማህተምም የለውም። እንዲህ ያለ ወረቀት አንቀበልም። ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ሐሙስ ይቆያል።" ወረቀቱን ለመዝገብ ቤት አልሰጡትም፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ኃይለሚካኤል እንደልማዱ እጅ ነሥቶ ወጣ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ግን አንድ ነገር ሆነበት። በጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ። ቀለም ከጥፍሩ ሥር ገብቷል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አልለቀቀም። ይህ ከሶዶም ከምንጃርም አልመጣም ብሎ አሰበ። ስልኩን አወጣና ደወለ።

"ጋሼ፣ እኔ ነገ እሄዳለሁ።"

"ማኅበሩ ወስኗል እኮ" አሉት።

"አውቃለሁ። ፊኛው ግን የእኔ ነው።"

"እንዲህ አለ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዝ?"

"ይያዝ" አለ ኃይለሚካኤል። ስልኩን ሲዘጋ ጎኑ የተቀመጠችው ሴትዮ የቀበሌ ጉዳይ መስሏት ከንፈሯን መጠጠችለት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ሐሚዳ አስተኛችው። ቱቦው ሲገባ አቃጠለው፣ መድኃኒቱ ሲገባ ቀዘቀዘው፣ ቱቦው ሲወጣ አበቃ ብሎ አሰበ። የቀረው ትእዛዙ ነበር።

"አሁን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይሸኑ ይይዙታል። ይችላሉ?"

በአዲስ አበባ ከተማ ለዚህ ጥያቄ እንደ እሱ የተዘጋጀ ሰው አልነበረም። እንደሚችል በትሕትና ነገራት። መድኃኒቱ የፊኛውን ግድግዳ ሁሉ እንዲያገኝ በየሩብ ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ በጀርባ፣ በግራ፣ በሆድ፣ በቀኝ። ሐሚዳ ስልኩ ላይ ደወል ሞላችለት። ቤት ሲገባ ተህዋሲው ከሽንቱ ጋር ስለሚወጣ ሽንት ቤቱ በበረኪና መጽዳት ነበረበት፤ አብራው የመጣችው ስመኝ እሱን ልትገዛ ወጣች።

እሷ እንደወጣች ጋሼ ተስፋማርያም ገቡ። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ፖስታ ይዘዋል።

"የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው" ብለው እግሩ ሥር አልጋው ላይ አስቀመጡት።

"እሺ ጋሼ።"

ይሄዳሉ ብሎ ጠበቀ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ክፍሉን፣ የተንጠለጠለውን መጋረጃ፣ ሳህኑ ላይ የተጣለውን ቱቦ አዩ።

"ያ ነው የሚገባው?"

"እሱ ነው።"

"ያማል?"

"ሲገባ ያቃጥላል። ከዚያ ይተዋል።"

"መጀመሪያ ያዩህ ጊዜስ? በመሣሪያ ሲያዩህ?"

"ያኔ አደንዝዘውኛል፤ አላወቅሁትም።"

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደወሉ ጮኸ። ኃይለሚካኤል በግራ ጎኑ ተገላበጠ፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባው ወደ እሳቸው ሆነ።

"የእኔም ይቀላል" አሉ ጋሼ ከኋላው።

ግድግዳው አረንጓዴ ነበር፣ በመጥፎ እጅ የተቀባ። ኃይለሚካኤል ዓይኑን ከዚያ አላነሣም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ በፊት።"

አሁን ኅዳር ነው። ወራቱን በልቡ ቆጠረ፤ ስምንት ይሞላል።

"የእናትህ ወገን ቢሆን..." አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ስብሰባ ላይ የሚያውቀው ድምፅ አልነበረም። "የእናትህ ወገን ቢሆን እኔን አይነካኝም ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። የሄኒን ነገር ያመጣሁት ለሽፋን ነው።"

ለአፍታ ተናደደ። ስብሰባው፣ ኮሚቴው፣ በቅሎዋ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ሊያልፈው የነበረው ሐሙስ በዓይኑ ላይ መጣ፤ ቢናገር የሚናገረው አላጣም። ነገር ግን ከኋላው የሚተነፍሰው ሰው ስምንት ወር ሙሉ ለብቻው ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ እየለቀቀ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። ይህን ሲያስብ ንዴቱ አልበረከተም፤ አዘነላቸው፣ በጣም አዘነላቸው።

ሳይደወል ወደ እሳቸው ተገላበጠ።

"አቶ ኃይለሚካኤል፣ ገና አሥር ደቂቃ ይቀርዎታል" አለች ሐሚዳ በሩ ላይ ደርሳ።

"ሲስተር፣ ለወንድሜ ካርድ አውጪልኝ። ዛሬውኑ ዶክተር ትያቸው።"

ሐሚዳ ቅጹን ይዛ መጣችና ስም ጠየቀች። ጋሼ ተስፋማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ተስፋማርያም በይ" አለ ኃይለሚካኤል።

"የአባት ስም?"

"ከእኔ ካርድ ላይ ገልብጪው።"

እሷ ስትጽፍ እጁን ዘርግቶ የወንድሙን እጅ ያዘ። ጣቶቻቸው ቀዝቅዘዋል። ደወሉ ሲጮህም በሆዱ ተኛ፤ እጁን ግን አልለቀቀም።